አሥራ ስድስት ግርሽና መቶ ሳንቲም

ጅቡቲ ከተማ በ1888 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በፈረንሳዮች እጅ ተቈረቈረች። ከወደብዋ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የተገናኙት ሁለት አገሮች ብቻ አልነበሩም፤ ሁለት የሒሳብ ልማዶችም ተገናኙ። የፈረንሳዮቹ ፍራንክ በመቶ ሳንቲም የሚመነዘር ነበር። ከባሕር ማዶ በዓደን ይሠራበት የነበረው የህንድ ሩፒ ግን የሚመነዘረው በ16 አና ነው። የዳግማዊ ምኒልክም ብር በመጀመሪያ በ20 ግርሽ ሲመነዘር ቈይቶ፥ ከ1903 ገደማ ወዲህ በ16 ግርሽ ወይም በ32 ቤሳ ሆነ። ዛሬ ገንዘብ ያጣ ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲል የሚጠራት ቤሳ ይህችው ናት።

አሥራ ስድስት ለገበያ ሰው የተመቸ ቁጥር ነው። እኩሌታው 8፥ ሩቡ 4፥ ስምንተኛው 2 ነው፤ አራት ጊዜ ለሁለት ቢገመስ እንኳ አንድ ሙሉ ግርሽ ይገኛል። መቶ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ተገምሶ 25 ላይ ይቆማል።

ለሦስት መካፈል ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ሦስት ሸሪኮች ከ7 ብር ከ5 ግርሽ ትርፍ ድርሻቸውን ይሻሉ እንበል። 7 እና 5 ቢደመሩ 12 ናቸው፤ 12 ለሦስት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ትርፉም ይካፈላል። በእርግጥም ጠቅላላው 117 ግርሽ ሲሆን ለእያንዳንዱ 2 ብር ከ7 ግርሽ ይደርሰዋል። ገንዘቡ 7 ፍራንክ ከ5 ሳንቲም ቢሆንም ያው ነው፤ ለያንዳንዱ 2 ፍራንክ ከ35 ሳንቲም ይሆናል። በቀድሞው የ20 ግርሽ ብር ግን 7 ብር ከ5 ግርሽ 145 ግርሽ ስለሆነ አንድ ግርሽ ይተርፍና ሸሪኮቹን ያከራክራል።

ምክንያቱ 16ም ሆነ 100 ለሦስት ሲካፈሉ አንድ ስለሚተርፋቸው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ብር ወይም ፍራንክ በቀሪው ዘንድ እንደ አንድ ይቈጠራል። 20 ግን ሁለት ይተርፈዋል፤ በእርሱ ዘንድ ድምሩን ማየት አይበጅም፥ ልዩነቱን እንጂ። ለአምስትም ቢሆን 16 ይህንኑ ጠባይ ይዞ ይገኛል፤ 8 ብር ከ2 ግርሽ፥ ድምሩ 10 ስለሆነ፥ ለአምስት ሰው 1 ብር ከ10 ግርሽ ይደርሳል። 8 ፍራንክ ከ2 ሳንቲም ግን ሁለት ሳንቲም ያስተርፋል፤ በመቶው ሥርዓት ለአምስት የሚካፈለውን ለማወቅ የሚታየው ሳንቲሙ ብቻ ነውና።

ሃያም ከአውሮፓ ፈጽሞ የጠፋ አይደለም። በጅቡቲ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ የሚማር ልጅ 80ን «አራት ሃያ»፥ 90ን «አራት ሃያ ዐሥር» እያለ መጥራት አለበት፤ ሰማንያና ዘጠና ማለት ለለመደ ሰው አድካሚ ነው።

የኢትዮጵያ ገንዘብ በ1931 ወደ መቶ ተለወጠና ብር በ100 መቶኛ ይመነዘር ጀመር። በዚህም ከፍራንክ ጋር በአመነዛዘር ተስማማ፤ በዋጋ ግን መስማማት ሌላ ነገር ነው። ጅቡቲም በ1949 ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረ የራስዋን ፍራንክ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ሩብ ብር ለመክፈል የሚቸገር የለም፤ 4 ግርሽ የነበረው 25 ሆኖአል። የሩቡ እኩሌታ ግን ቀድሞ 2 ግርሽ ይባል የነበረው 12 ተኩል ሆነ፤ ለእርሱም የሚሆን ሳንቲም አልተቀረጸም።