ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች በኦክላንድና በሳን ሆዜ፦ ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ መብቶች

በኦክላንድና በሳን ሆዜ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ የሚያገኘው ድጋፍ በሕግ የተረጋገጠ መብት እንጂ የመምህሩ በጎ ፈቃድ አይደለም። መብቱ ሥራ ላይ የሚውለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ጠይቆ ሲከታተለው ነው።

መብቱ እንዴት ተገኘ?

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት አካል ጉዳተኞችን እንዳያገሉ የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ለዓመታት ሳይፈረም ቆየ። በኤፕሪል 1977 ጁዲት ሂውማንን ጨምሮ ከመቶ የሚበልጡ አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ከሦስት ሳምንታት በላይ ተቀምጠው ተቃወሙ። የኦክላንዱ ብላክ ፓንተር ፓርቲ አባላት ትኩስ ምግብ ያመላልሱላቸው ነበር። ደንቡም በዚያው ወር ተፈረመ።

በ1975 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ልጅ ነፃና ተስማሚ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በተቻለ መጠንም ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር ያዛል። ድጋፉ የሚዘረዘረው «አይኢፒ» በተባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ነው።

የቋንቋ ጉዳይ

እንግሊዝኛ ገና ያልለመደ ልጅ በዚህ ብቻ አካል ጉዳተኛ ሊባል አይችልም። የተሳሳተ ፍረጃ በአካባቢው ታሪክ አለው። ዳኛ ሮበርት ፔካም በ1979 «ላሪ ፒ» በተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ክስ፣ የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ልጆችን በአይኪው ፈተና ለይተው የአእምሮ ዝግመት አለባቸው ለሚባሉ ልጆች ወደተዘጋጁ ክፍሎች እንዳይመድቡ አግደዋል። በአንጻሩ፣ እውነተኛ ችግር «ቋንቋውን ሲለምድ ይስተካከላል» ተብሎ ሲታለፍ ልጁ ዓመታት ይባክኑበታል።

አጠያየቁ

ወላጅ ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱ በ15 ቀናት ውስጥ የምርመራ ዕቅድ ያቀርባል። ወላጅ ከፈረመ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ ውጤቱ ተገምግሞ ስብሰባ ይካሄዳል፤ ረጅም የትምህርት ዕረፍት አይቆጠርም። ሳን ሆዜ በበርካታ የትምህርት ወረዳዎች የተከፋፈለች በመሆኗ፣ የመኖሪያ አድራሻው የትኛው ወረዳ ውስጥ እንደሚገኝ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚጠየቀው በኦክላንድ የኢስት ቤይ፣ በሳን ሆዜ የሳን አንድሬያስ ሪጅናል ሴንተር ነው።

በስብሰባው አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ታላቅ ወንድም ወይም እህት እንዲያስተረጉሙ ማድረግ አይመከርም።

በክፍል ውስጥ

የዕለቱን መርሐ ግብር በሥዕል ማሳየት፣ ከጫጫታ የራቀ መቀመጫ፣ አጫጭር ትእዛዞች፣ ተጨማሪ የፈተና ጊዜና አጭር ዕረፍት ብዙ ልጆችን ይረዳሉ። እነዚህ በዕቅዱ ላይ ሲጻፉ ትምህርት ቤቱን ያስገድዳሉ፤ «እንረዳዋለን» የሚል የቃል ተስፋ ግን መምህሩ ሲቀየር ይረሳል።

አንዳንድ ቤተሰቦች ልጃቸው ስም እንዳይወጣለት ሰግተው ዝም ይላሉ። የተማሪው መረጃ ግን በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው። ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድም የመጀመሪያው የልዩ ትምህርት አገልግሎት አይጀመርም።