ችቦውን የያዘው ካፒቴን

ስለ ጦር መሪ ስናነብ መጀመሪያ የሚነገረን ስንት ሺህ ሰው ያዝ እንደነበር ነው። ዛሬ የምናነሳው ግሪካዊው ኮንስታንቲኖስ ካናሪስ ግን ስሙ በገነነባት ሌሊት በእጁ የነበሩት ጥቂት መርከበኞችና አንዲት ለመቃጠል የተዘጋጀች መርከብ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪኮች በ1821 (እ.ኤ.አ.) በኦቶማን አገዛዝ ላይ ሲያምፁ የረባ የባሕር ኃይል አልነበራቸውም። የነበሯቸው የሃይድራ፣ የስፔትሴስና የፕሳራ ደሴቶች የንግድ መርከቦች ናቸው። መርከበኛውም ከንግዱ ትርፍ ድርሻውን መቀበል የለመደ፣ ካፒቴኑን ፊት ለፊት የሚሞግት፣ ደመወዙ ሲዘገይ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ሂድና ሙት» ብላችሁ እዘዙት እስቲ! መልሱን መገመት አያዳግትም።

በ1822 ጸደይ የኦቶማን ጦር በኪዮስ ደሴት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ ብዙ ሺዎችን ደግሞ ለባርነት ሸጠ። የጦር መርከቦቹም እዚያው ደሴቲቱ አጠገብ መልሕቃቸውን ጥለው ነበር። የንግድ መርከብ ከነዚህ ጋር መድፍ ለመድፍ አይገጥምም። የቀረው መላ የእሳት መርከብ ነው፦ መርከቧን በባሩድ፣ በድኝና በዝፍት ሞልቶ፣ ነፋስ ጠብቆ በሌሊት ከጠላት መርከብ ጋር ማያያዝ፣ ከዚያ ለኩሶ በጀልባ ማምለጥ። ጀልባዋ ከዘገየች ሁሉም ያልቃሉ። ከተያዙም ምሕረት የለም።

በሰኔ ወር፣ የረመዳን ጾም በሚፈታበት ሌሊት፣ የኦቶማኑ አዛዥ የካራ አሊ ፓሻ መርከብ ለበዓሉ በመብራት አሸብርቃ ነበር። ካናሪስ የመርከቡን አፍንጫ በተከፈተ የመድፍ መስኮት ውስጥ ሰነቀረው። ሰዎቹን አስቀድሞ ወደ ጀልባዋ አወረደ፤ እሳቱን በገዛ እጁ ለኩሶ ራሱ መጨረሻ ወረደ። ወደ 2000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ፓሻውም ሊያመልጥ ሲል ከላይ በወደቀ የሚነድ እንጨት ተመትቶ ሞተ። የካናሪስ ሰዎች ግን በሰላም ተመለሱ።

እኛ እንደሚመስለን ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሌላው መርከበኛ የሰማው ካፒቴኑ ማንንም ወደኋላ ሳይተው መመለሱን ነበር። ስለዚህ በዚያው ዓመት ኅዳር ካናሪስ በቴኔዶስ አጠገብ ሌላ የጦር መርከብ ሲያቃጥል አብሮት የሚሄድ ሰው አላጣም።

ጀግንነቱን ስናወራ ዋጋውን አንሸሽግ። ከፓሻው ሞት በኋላ የተቆጣው ጦር እስከዚያ ድረስ የተረፉትን የኪዮስ የማስቲካ መንደሮች አጠፋ። እሳቱን የለኮሱት ባሕር ላይ ነበሩ፤ ብቀላው የወረደው ግን በገበሬው ላይ ነው። ይህን የማይጠቅስ የካናሪስ ታሪክ ብታነቡ ግማሹን ብቻ እንዳነበባችሁ ቁጠሩት።

በ1824 ደግሞ ተራው የካናሪስ የራሱ ደሴት ሆነ፤ ኦቶማኖች ፕሳራን አወደሟት። ካናሪስ አገር አልባ ቢሆንም በዚያው በጋ ወደ ሳሞስ ተሻግሮ እንደገና መርከብ አቃጠለ። በ1825 ከጓዶቹ ጋር እስክንድርያ ወደብ ድረስ ዘልቆ የግብፁን የመሐመድ አሊን መርከቦች ሊያነድ ሞከረ። ነፋሱ ከዳቸው፤ ሙከራው ከሸፈ። እነሱ ግን ሳይያዙ ወጡ።