ከፈንጣጣ መርፌ እስከ ክትባት ማቀዝቀዣ፦ የመሣሪያን ፍላጎት ስለ ማስረዳት

አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ከአሳይታ በታች በሐይቆች አልፎ አቤ ላይ ሲቆም፣ አፋምቦ በዚሁ መጨረሻው አካባቢ ትገኛለች። በሞቃታማ ወራት የአየሩ ሙቀት እዚያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ክትባት የሚቀመጠው ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። በዚህ ልዩነት መካከል የሚቆመው መሣሪያ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ለገንዘብና ለግዢ ሠራተኞች ማስረዳት የጤና ባለሙያው የቆየ ፈተና ነው።

ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር ፈተናው ይህን ያህል አልከበደም። ክትባቱ ደርቆ የተዘጋጀ በመሆኑ እስኪበጠበጥ ድረስ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ወር ኃይሉን ይጠብቅ ነበር። ቤንጃሚን ሩቢን የሠራው መርፌም ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል የምትንጠለጠለው ጠብታ ራሷ የአንድ ሰው መጠን ናት። ስለዚህ ከአጭር ሥልጠና በኋላ ማንም ሊከትብ ቻለ። በሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

በ1972 ዓ.ም. የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ግን የቅዝቃዜ ሰንሰለት ግድ ሆነ። መብራት ባልደረሰበት ሥፍራ ያገለገለው በነጭ ጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነበር። እሳት ያቀዘቅዛል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ነበልባሉ አሞኒያን ከውኃ አፍልቶ ይለያል፤ አሞኒያው ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ እንደገና ሲተን ከሣጥኑ ውስጥ ሙቀት ይወስዳል። ክሩ ሳይከረከም ቢቀር፣ ጭስ ማውጫው በጥቀርሻ ቢደፈን ወይም ሣጥኑ ዘንበል ቢል ቅዝቃዜው ይጠፋል። ክርና ነጭ ጋዝ በበጀት ቅጽ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብለው የተጻፉ እንደሆነ በቀላሉ ይሰረዛሉ፤ እነርሱ ሲሰረዙ ማቀዝቀዣውም አብሮ እንደሚሰረዝ ካልተነገረው የሒሳብ ሠራተኛው በምን ያውቃል?

ዛሬም «ፍሪጅ ይገዛልን» ብሎ መጻፍ ጥያቄውን ለርካሹ የቤት ፍሪጅ አሳልፎ መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ማቀዝቀዣዎችን በአካባቢ ሙቀት ሲመድብ ለሞቃት ቀጠና ያወጣው መለኪያ 43 ዲግሪ ነው። እንግዲህ መብራት በቀን 8 ሰዓት ለማያገኝ የቆላ ጤና ጣቢያ ጥያቄው እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ውጭው 43 ዲግሪ ቢደርስም ውስጡን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚጠብቅ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ። የቤት ፍሪጅ አይተካውም፤ መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞቃልና።» ይህን ለመረዳት ሕክምና መማር አያስፈልግም።

ዝቅተኛው ቁጥር በተለይ እንዳይዘነጋ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በብልቃጥ ላይ የተለጠፈው የሙቀት ምልክት በክቡ ውስጥ ያለው ካሬ ሲጠቁር ክትባቱ መበላሸቱን ለማንም ያሳያል። ስለ ውርጭ ግን አንዳች አይናገርም። ገዢው «ለበረሃ ነው» ብሎ አብልጦ የሚያቀዘቅዘውን ቢመርጥ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች በረዶ ሆነው ይበላሻሉ፤ ካሬው ግን ነጭ እንደሆነ ይቆያል።