ኪልት በፋሽን ማስታወቂያ

ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚታጠቁት፣ ከኋላው የተሸነሸነ የሱፍ ልብስ ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1746 ባወጣው ሕግ በስኮትላንድ ተራራማ አካባቢ በሃይላንድ ከለከለው፤ እገዳውም እስከ 1782 ቆየ። ከእገዳው ነፃ የነበሩት በጦር ሠራዊቱ ያሉት ናቸው፤ ማስታወቂያ ዛሬም የሙጥኝ ያለው የጦረኛ ምስል በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዴዋርስ ዊስኪ ኪልት ለባሾች የሚጨፍሩበት የማስታወቂያ ፊልም አሠራ። ፈረንሳዊው ዲዛይነር ዣን ፖል ጎልቲዬ በ1985 ለወንዶች ጉርድ ሲያቀርብ፣ ኪልት የድፍረት ምልክት ሆነ። በ2000 በሲያትል የተመሠረተው ዩቲሊኪልትስ ደግሞ ኪስ የበዛበት የሥራ ልብስ አድርጎ ሸጠው።

የማስታወቂያው ሰው ዘወትር ጡንቻው የፈረጠመ፣ ጫማው ከባድ፣ ፊቱ የተኮሳተረ ነው፤ ጉርድ መልበሱ ወንድነቱን እንዳያጠራጥር የተፈራ ይመስላል። ይህ ፍርሃት ልብሱን ይበድላል። 7 ሜትር ገደማ ጨርቅ የሚፈጀው ሽንሽን፣ ታርታን የተባለው የኪልት ጨርቅ የተጠላለፈ ባለቀለም መስመር ሳይዛነፍ በእጅ የሚሰፋበት ጥበብ ከፎቶግራፉ ይጠፋል። በአንጻሩ የኤድንብራው ልብስ ሰፊ ሃዊ ኒኮልስቢ በጂንስና በቆዳ ጭምር እየሰፋ ኪልትን የዘወትር ልብስ አድርጎ ያስተዋውቃል።