የአንዲት አሮጊት ዘሮች

ታሪክ ሲባል ዙፋንና ጦርነት ብቻ የሚታየን ብዙዎች ነን። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ጥቍር የሆነች የአንዲት ደሴት ወፍ ታሪክ እናንሣ። ንጉሥ የለበትም፤ በግ፣ ድመትና ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች ግን አሉበት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አገሯ ቻታም ይባላል፤ ከኒውዚላንድ በስተምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙ ደሴቶች ናቸው። የጥንት ነዋሪዎቹ ሞሪዮሪዎች ዋናውን ደሴት ሬኮሁ ይሉታል። በ1791 የእንግሊዝ መርከብ ደረሰ። ከዚያም የባሕር አውሬ አዳኞች፣ ከነሱም ኋላ በግ አርቢዎች መጡ። ደኑ ተመነጠረ፤ ድመትና አይጥም ከሰው ጋር ከመርከብ ወረዱ። ጥቍሯ ሮቢን (ወፏ ስሟ ይህ ነው) ድመት ምን እንደሆነ ከየት ታውቃለች? አያት ቅድመ አያቶቿ ድመት አይተው አያውቁ። 19ኛው መቶ ዓመት ሲያልቅ የቀረችው ሊትል ማንጌሬ በምትባል፣ ዙሪያዋን ገደል በሆነች ዐለት አናት ላይ ብቻ ነበር። እዚያ ያለው ደን ቢለካ 5 ሄክታር ገደማ ነው።

ብዙ ሰው የሮቢንን ታሪክ ከ1980 ይጀምራል። ለኛ ግን ዋናው ነገር ከዚህች ዐለት የሚጀምር ይመስለናል። ከጥቂት ደርዘን የማይበልጡ ወፎች ለሰማንያ ዓመት ያህል እዚያው እርስ በርስ ሲጋቡ ኖሩ። አንድ ጫጩት ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ ይወርሳል፤ የቀረውን ግማሽ ሌላ ወንድም ወይም እኅት ካልወረሰው ከወላጁ ጋር ይቀበራል። ሕዝብ በበዛበት አገር ከአንዱ ቤት የጠፋው ጂን ከሌላው ቤት ይገኛል። ዐለቷ ላይ ግን ሌላ ቤት አልነበረም። በኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል፤ እነዚያ ወፎች ቢቈጥሩ ኖሮ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቤት ላይ ሁሉም ዘመድ ሆኖ ያርፈው ነበር። የዘር ሀብታቸው እንዲህ ማንም ሳያየው በየትውልዱ ተሸረሸረ።

በ1972 ሲቈጠሩ 18 ነበሩ። በ1976 ግን ሰባት ብቻ! በኒውዚላንድ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ዶን መርተንና ባልደረቦቹ ሰባቱንም ይዘው፣ ገደሉን አውርደው፣ አዲስ ዛፍ ወደሚተከልባት ወደ ማንጌሬ ደሴት አሻገሯቸው። ይህም አላዳናቸውም። በ1980 አምስት ቀሩ፤ ከአምስቱም ልጅ የሚያሳድጉት አንድ ጥንድ ብቻ ነበሩ። ስማቸው የወጣው በእግራቸው ላይ ካለው ቀለበት ቀለም ነው፤ ሴቷ ኦልድ ብሉ፣ አሮጊቷ ሰማያዊ እንበላት፤ ወንዱ ኦልድ የሎ፣ ሽማግሌው ቢጫ። አሮጊቷ 9 ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ አብዛኞቹ ሮቢኖች እዚያ ዕድሜ አይደርሱም።

መርተን ያገኘው መላ የእንጀራ እናት ነው። ሮቢን ዕንቍላሏን ቢወስዱባት ዳግመኛ ትጥላለች፤ የተወሰደውን ደግሞ ሌላ ወፍ ትታቀፈው። መጀመሪያ ዋርብለር ለምትባል ትንሽ ወፍ ተሰጠ፤ መታቀፉን ታቀፈች፣ ጫጩቶቹን መግቦ ማሳደግ ግን አቃታት። ቀጥሎ በሌላ ደሴት ለምትኖር ቶምቲት ለምትባል ወፍ ተሰጠ፤ ተሳካ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ተሳካ! አንዳንዱ ጫጩት የቶምቲትን ዜማ ለምዶ ራሱን ቶምቲት አድርጎ ቍጭ አለ፤ ስለዚህ መብረር ሳይጀምሩ ወደ ሮቢን ጎጆ መመለስ ግድ ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቍጥራቸው መቶ ገባ። ዛሬ ከ300 ብዙም አይርቁም፤ ሁሉም የዚያች አሮጊትና የዚያ ሽማግሌ ዘሮች ናቸው።

ዓለም ይህን እንደ ድል ያወራዋል፤ ድልም ነው። ሒሳቡን ግን እንሥራው። አንድ ወፍ ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ ሁለት ወላጆች ቢበዛ አራት። እንግዲህ ዘሩ ሦስት መቶም ይሁን ሦስት ሺህ፣ ከዘመናት በኋላ አዲስ ለውጥ ካልተፈጠረ በቀር፣ በአንድ ጂን ከአራት ዓይነት በላይ አይኖረውም። ለዚያውም ሁለቱ ወላጆች ራሳቸው የዐለቷ ልጆች ናቸው!

ሊቃውንቱ በዚህ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። በ1997 የወጣ የዲ ኤን ኤ ጥናት ልዩነታቸው እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቶ፣ ቢሆንም ባሉበት ሁኔታ መኖር ይችላሉ አለ። ይህን ይዘው «ዘመዳሞች ቢዋለዱም ምንም አይሉም» ያሉም ነበሩ። በ2014 የወጣው ጥናት ግን ከዝምድና መዋለድ የሚመጣው ጉዳት ከባድ እንደሆነ፣ ለረጅም ጊዜ መዋለዳቸውም ጎጂዎቹን ጂኖች እንዳላጠራላቸው አስረዳ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን፤ መኖርና በጤና መኖር ለየቅል ናቸውና።

ከሁሉ የገረመን ደግሞ የዕንቍላሉ ነገር ነው። አንዳንድ ሴት ሮቢኖች ዕንቍላላቸውን ጎጆው ውስጥ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ይጥሉ ጀመር። ጠርዝ ላይ የቀረ ዕንቍላል አይፈለፈልም። ሠራተኞቹ ታዲያ ምን ያድርጉ? በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ ይመልሱት ነበር። ጫጩቱ ተፈለፈለ፣ አደገ፣ ሴት ከሆነችም እንደ እናቷ ጠርዝ ላይ ጣለች። በ1989 ከሴቶቹ ከግማሽ በላይ እንዲህ ያደርጉ ነበር። የሰው እጅ ባይኖር እየመነመነ የሚሄድ ጠባይ፣ በሰው እጅ የዘሩ ግማሽ ጠባይ ሆነ። መርተን አጠፋ እንበል? አንልም። ወፉ በጣት በሚቈጠርበት ዓመት አንድን ዕንቍላል ሲቀዘቅዝ ቆሞ ለማየት ማን አንጀቱ ይችላል?

ከዚያ በኋላ መግፋቱ ቀረ። በ2013 ሜላኒ ማሳሮና ባልደረቦቿ የወፎቹን የትውልድ መዝገብ መርምረው፣ ጠባዩ ከአንድ ገዢ ጂን የሚመጣ እንደሚመስል ጻፉ። ገዢ በመሆኑ ጂኑ ያለባት ሴት ጎጆዋ ላይ ትታወቃለች። ተሸሽጎ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮስ? በ2011 ጠርዝ ላይ መጣሉ ወደ 9 በመቶ ወርዶ ነበር። የእነዚያ እናቶች ዕንቍላል እጠርዙ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የሚገፋው ጣት የለም።