በሒሳብ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት፦ ከርእስ መረጣ እስከ ማቅረቢያ

በአገራችን በበርካታ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በሒሳብ ትምህርት ክፍል የሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በመጨረሻው የትምህርት ዓመታቸው የመመረቂያ ፕሮጀክት አዘጋጅተው በፈታኞች ፊት ያቀርባሉ። ሥራው እንደ ተቋሙ አሠራር በግል ወይም በቡድን ሊሠራ ይችላል። ተማሪው በትምህርት ክፍሉ በሚመደብለት አማካሪ እየተመራ ርእሱን ያስጸድቃል፣ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል፣ ጽሑፉን አጠናቆ ያስገባል፣ በመጨረሻም በቃል ያስረዳል። የገጽ ብዛት፣ የማስረከቢያ ቀንና የነጥብ አሰጣጥ ከተቋም ተቋም ስለሚለያዩ በነዚህ ጉዳዮች ላይ የበላይነት የሚኖረው የየትምህርት ክፍሉ መመሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ በመመሪያዎች ውስጥ እምብዛም የማይብራራውን፣ ይኸውም በሒሳብ አንድ የመመረቂያ ሥራ ተሠራ የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነ ለተማሪዎችና ለወላጆች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ከተማሪው የሚጠበቀው

ብዙ ተማሪዎች ሥራውን የሚጀምሩት አዲስ ቲዎረም ማግኘት ይጠበቅብናል በሚል ስጋት ነው። በዚህ ደረጃ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። የሚጠበቀው በመስኩ የታወቀን አንድ ጉዳይ ጠበብ አድርጎ መያዝ፣ መጻሕፍት «ግልጽ ነው» ብለው የዘለሉትን እርምጃ በራስ አእምሮ መሙላት፣ በምሳሌ ማሳየትና በሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት መቻል ነው። ስጋቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የማይቻል ነገር ተጠየቅሁ ብሎ የሚያምን ተማሪ ቀኑ ሲቃረብ ከቀደሙት ተመራቂዎች የአንዱን ሥራ ወስዶ ሽፋኑን ወደ መቀየር ሊያዘነብል ይችላል። እንዲህ ያለው ሥራ በማቅረቢያው ዕለት የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ በትምህርት ሥነ ምግባር ደንብ የሚያስከትለው ተጠያቂነትም የምረቃን ጊዜ ሊያስተጓጉል ይችላል።

ሌላው የተለመደ ችግር ከሌሎች የትምህርት መስኮች የሚወሰድ የምዕራፍ አደረጃጀት ነው። የናሙና አወሳሰድ፣ የመጠይቅ ዝግጅትና የመረጃ አሰባሰብ ዘዴ ለማኅበራዊ ጥናት ተገቢ ናቸው፤ ስለ ቀሪ ቁጥሮች ጠባይ በሚያጠና ሥራ ውስጥ «የናሙና አወሳሰድ» የሚል ርእስ ሲገባ ግን ጽሑፉን ከመጫን ያለፈ ፋይዳ የለውም። ቅጹ ይህን የሚያስገድድ ሆኖ ሲገኝ ተማሪው በግምት ከመሙላት ይልቅ አማካሪውን ቢጠይቅ ይመረጣል።

ርእስን ማጥበብ

«ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና አተገባበሩ» የሚለው ዓይነት ርእስ ለመጽሐፍ እንጂ ለአንድ የትምህርት ዘመን ሥራ አይሆንም። ርእሱ በጥያቄ ምልክት በሚያበቃ አንድ ዐረፍተ ነገር ሊገለጽ ካልቻለ ገና አልጠበበም ማለት ነው። በተግባራዊ ሒሳብ በኩል ለምሳሌ ከርማክና ማክኬንድሪክ በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የተላላፊ በሽታ ሞዴል፣ ወይም ዕቃን ከበርካታ መጋዘኖች ወደ በርካታ ገበያዎች በአነስተኛ ወጪ የማጓጓዝ ጥያቄ ጥሩ መነሻዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሥራው ከጤና ተቋም ወይም ከድርጅት የሚገኝ መረጃ የሚሻ ከሆነ የፈቃድ ደብዳቤው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሥቶ መጠየቅ አለበት። መረጃው ሳይገኝ ቢቀር የሚተካው አማራጭም አስቀድሞ ከአማካሪው ጋር ሊታሰብበት ይገባል።

አንድ ምሳሌ፦ ባሕረ ሐሳብ

ፈቃድም ሆነ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ለአገራችን ተማሪም ቅርብ የሆነ ርእስ ባሕረ ሐሳብ ነው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀናት የሚወጡበት ይህ ስሌት በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጥ ሲሆን መሠረቱ ዛሬ በነምበር ቲዎሪ ኮርስ የሚሰጠው የቀሪዎች ስሌት ነው።

አካሄዱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል። ይህ ለ19 ተካፍሎ ከሚቀረው ላይ 1 ሲቀነስ ወንበር ይባላል፤ ቀሪ ከሌለ ወንበሩ 18 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ ወንበር ዜሮ ሲሆን መጥቅዕ 30 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። በዓሉ የዋለበት ዕለት ተውሳክ፣ ማለትም የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 በመጥቅዕ ላይ ሲደመር የጾመ ነነዌ ቀን ይወጣል። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ትሆናለች። በጥር የሚቆጠረው ድምር ከ30 ካለፈ ትርፉ የየካቲት ቀን ነው።

ተማሪው መጀመሪያ ይህን በእጁ ሊያሰላው ይገባል። ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517፣ ቀሪው 12፣ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ስለዋለ 4 ተጨምሮ 33 ይሆናል፤ ስለዚህ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባች። ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ለ2018 ዓ.ም. ደግሞ መጥቅዑ 18 ነው፤ መስከረም 18 ቀን እሑድ በመሆኑ 7 ተጨምሮ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ቀን ይውላሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስሌት ነው፤ ፕሮጀክት የሚጀምረው «ለምን?» ሲባል ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት ለምንድን ነው? ብዜቶቹ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ነው፤ ይህን በሁለት መስመር ማረጋገጥ ይቻላል። ነነዌስ ሁልጊዜ ሰኞ የምትውለው ለምንድን ነው? ከመስከረም እስከ ጥርም ሆነ ከጥቅምት እስከ የካቲት በተመሳሳይ ቀን ቁጥር መካከል 120 ቀናት አሉ፤ 120 ለ7 ሲካፈል 1 ይቀራል። ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ እሑድ ቢውል 1 እና ተውሳኩ 7 ተደምረው 8፣ ማለትም አንድ ሳምንትና አንድ ቀን ይሆናሉ፤ ያም ሰኞ ነው። ዕለቱ በአንድ ሲገፋ ተውሳኩ በአንድ ስለሚቀንስ ውጤቱ ሳይለወጥ ይኖራል። የጥንቱ የተውሳክ ሠንጠረዥ ከ8 ወደ 2 የሚወርድበት ምሥጢር ይኸው ነው።

ደንቡ «ከ14 ከበለጠ» እና «ካነሰ» ይላል እንጂ 14 ሲሆን ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አሥራ ዘጠኙን ወንበሮች አንድ በአንድ በማስላት ይገኛል፦ 14 ከቶ አይወጣም። ከዝርዝሩ እንደሚታየው በመስከረም በኩል ትንሹ መጥቅዕ 15፣ በጥቅምት በኩል ትልቁ 13 ነው። በ15 ላይ ትንሹ ተውሳክ 2፣ በ13 ላይ ትልቁ ተውሳክ 8 ሲደመር ነነዌ ከጥር 17 ቀን በፊት፣ ከየካቲት 21 ቀንም በኋላ ልትውል እንደማትችል ይረጋገጣል። ሁለቱ ጫፎች በእርግጥ የሚደረስባቸው መሆናቸውን ማሳየት ግን ተጨማሪ እርምጃ ይጠይቃል። የወንበር ዙር 19 ዓመት፣ የዕለታትና የአራቱ ዘመናት ዙር 28 ዓመት ነው፤ 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዙሮች በ532 ዓመት ውስጥ በሁሉም ጥምረት ይገናኛሉ። ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው፤ ተማሪው የቻይና ቀሪዎች ቲዎረም በሚለው ስም የተማረውም ነገር እዚህ ቦታ ላይ ሥራ ያገኛል።

ምሳሌ ማረጋገጫ አይደለም

በረቂቆች ላይ የሚታየው ከባዱ ግድፈት ጥቂት ምሳሌዎችን አስልቶ «ስለዚህ ሁልጊዜ ይሠራል» ማለት ነው። ለማስጠንቀቂያ የሚጠቀሰው የታወቀ ምሳሌ n² + n + 41 ነው። በ n ቦታ ከ0 እስከ 39 ያሉት ቁጥሮች ሲገቡ ውጤቱ አርባውንም ጊዜ ፕራይም ቁጥር ነው፤ 40 ሲገባ ግን 1681፣ ማለትም 41 በ41 ይሆናል። አርባ ጊዜ የሠራ ነገር በአርባ አንደኛው ከወደቀ፣ የአሥር ዓመት የነነዌ ቀን መዝግቦ መደምደም እንደማይበቃ ግልጽ ነው። በአንጻሩ አሥራ ዘጠኙን ወንበሮች አሟጦ ማየት ሙሉ ማረጋገጫ ነው፤ ምክንያቱም ሃያኛ ወንበር የለም። ይህን ልዩነት ለይቶ የጻፈ ተማሪ የሥራውን ዋና ክፍል እንደጨረሰ ሊቆጠር ይችላል።

ስለ ጽሑፉ

የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ ጽሑፉ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ማረጋገጫውን አስቀድሞ በሚያስቡበት ቋንቋ ለአንድ የክፍል ጓደኛ በቃል ማስረዳት ብዙ ስሕተት ያጋልጣል። ቀመሮችን ለመጻፍ ላቴክስ የተባለው ነጻ ሥርዓት የተመቸ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቀናት ልምምድ ይፈልጋል፤ ልምምዱን ወደ ማስረከቢያው ሳምንት ማሳደር አይመከርም። ለስሌት ፓይተንም ሆነ ኦክታቭ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን በሚመለከት የተቋሙን ደንብ መጠየቅ ግድ ነው። ደንቡ ቢፈቅድም እንኳ መሣሪያዎቹ የተሳሳተ ማረጋገጫ በትክክለኛ አነጋገር ሊያቀርቡ ስለሚችሉ እያንዳንዱ መስመር በተማሪው መፈተሽ ይኖርበታል። ከመጽሐፍም ሆነ ከሌላ ሰው የተወሰደ ሐሳብ ምንጩ ይጠቀሳል።

የመውጫ ፈተናና የማቅረቢያው ዕለት

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናውና ፕሮጀክቱ የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ ውጤት ሌላውን አይተካም። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለሚደራረቡ የፕሮጀክቱን የሒሳብ ሥራ ከፈተናው ዝግጅት በፊት አጠናቆ ለኋላው የቋንቋ እርማትን ብቻ ማስተረፍ የሚሻል ይመስላል።

በማቅረቢያው ዕለት ፈታኞች የሚጠይቁት ባመዛኙ ትርጉምን ነው፦ «እዚህ ላይ ቀሪ ስትል ምን ማለትህ ነው?»፣ «19 እና 28 የጋራ አካፋይ ቢኖራቸው ኖሮ የትኛው መስመር ይፈርስ ነበር?» መልሱ የማይታወቅ ከሆነ አላውቅም ብሎ እስከምን ድረስ እንደሚታወቅ መናገር ነውር አይደለም። በቡድን የተሠራ ከሆነ ማንኛውም አባል ስለ ማንኛውም ምዕራፍ ሊጠየቅ ስለሚችል «ያን ክፍል የሠራው ሌላ ነው» የሚለው ምላሽ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ከማቅረቢያው በኋላ የታዘዙት እርማቶች ተካተው፣ አማካሪው ተመልክቶ ከፈረመበት በኋላ የመጨረሻው ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ ይገባል። በእጅ የተሠራበት ደብተር ደግሞ ውጤቱ እስኪጸድቅ ድረስ በተማሪው ዘንድ ቢቀመጥ በሥራው ባለቤትነት ላይ ጥያቄ ቢነሣ ለማስረጃነት ያገለግላል።