ያለ እርሱ የማይኬደው የቅፍለት አለቃ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መሐል አገር ዘልቀው የገቡ አውሮፓውያን አሳሾች ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት ሰፍሮ ይገኛል። ሪቻርድ በርተን፣ ጆን ስፒክ፣ ጄምስ ግራንት፣ ሄንሪ ስታንሊና ቬርኒ ካሜሮን ከዋነኞቹ መካከል ናቸው። አምስቱ በጠባይም ሆነ በዓላማ የተለያዩ ነበሩ፤ በርተንና ስፒክማ ወዳጅነታቸው ፈርሶ በአደባባይ እስከ መወነጃጀል ደርሰዋል። ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ሰው ግን አለ። እርሱም በየተራ ያገለገላቸው ሲዲ ሙባረክ ቦምቤይ ነው።

ቦምቤይ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ፣ ዛሬ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ ከያኦ ሕዝብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተይዞ ተሸጠ፤ ወደ ህንድም ተወሰደ። ብዙ ዓመት ካገለገለ በኋላ ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣና ወደ ዛንዚባር ተመለሰ፤ በሱልጣኑ ጦር ውስጥም ወታደር ሆነ። በ1857 በርተንና ስፒክ ያገኙት በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ነበር። በጉዞው መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የስፒክን ጠመንጃ መሸከም ነበር።

በባርነት ዘመኑ የለመደው ሂንዱስታኒ ግን ዕጣውን ለወጠው። በህንድ ጦር ያገለገለው ስፒክ ስዋሂሊም ሆነ ዐረብኛ ስለማያውቅ፣ ከአገሬው ጋር የሚነጋገረው በቦምቤይ አንደበት ነበር። አሳሹ በሂንዱስታኒ የተናገረውን ቦምቤይ ወደ ስዋሂሊ ይመልሰዋል፤ ስዋሂሊ በማይሰማበት አገር ደግሞ ሌላ አስተርጓሚ ተቀብሎ ወደ አካባቢው ቋንቋ ያሻግረዋል። የቅፍለት ሥራ ከዚህም በላይ ብዙ ነበር። የሚከዱትን ተሸካሚዎች መመለስ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ፣ ጨርቅና ዶቃ እየቆጠሩ ማከፋፈል፣ ሆንጎ ስለሚባለው የመተላለፊያ ግብር ከየባላባቱ ጋር መደራደር ሁሉ መንገዱንና ሰውን የሚያውቅ አለቃ ይጠይቃል።

ቦምቤይ በዚህ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። ከ1860 እስከ 1863 ስፒክና ግራንት የነጭ ዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሲጓዙ ከጠመንጃ ተሸካሚነት ወደ አለቅነት ከፍ አለ፤ በቡጋንዳው ንጉሥ በሙቴሳ ችሎትም አስተርጓሚና መልእክተኛ ሆኖ ሠራ። በ1871 ስታንሊ ሊቪንግስተንን ፍለጋ ወደ ኡጂጂ ሲሄድ የታጣቂዎቹን አለቅነት ለእርሱ ሰጠው። ከ1873 እስከ 1875 ደግሞ ከካሜሮን ጋር ከህንድ ውቅያኖስ እስከ አትላንቲክ ተሻገረ። ማዕረጉ ግን ከዚያ ፈቅ አላለም። ጌቶቹ ስለ ጉድለቱ በመጽሐፎቻቸው አማርረዋል፤ ስፒክ በቁጣ እንደመታውም ራሱ ጽፏል። ሆኖም ቀጣዩ አሳሽ ዛንዚባር ሲደርስ መልሶ የሚፈልገው ይህንኑ ሰው ነበር።

የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያውን ለበርተን በ1859፣ ለስፒክ በ1861፣ ለግራንት በ1864፣ ለስታንሊ በ1873፣ ለካሜሮን በ1876 ሸልሟል። በአራት ጉዞ አምስት የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠ ማለት ነው። በአራቱም ጉዞ የነበረው ቦምቤይ የደረሰው የብር ሜዳሊያ ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዳይባል ብር ሆነለት።

ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የዘመኑ ሥርዓት ነው። ጉዞውን የሚመራው አውሮፓዊ ብቻ ነበር። በ1879 ኪዝ ጆንስተን የተባለው የጉዞ መሪ በመንገድ ላይ ሲሞት የሆነው ይህን ያስረዳል። በቅፍለቱ አለቅነት ላይ የነበረው፣ የሊቪንግስተንን አስከሬን ተሸክመው ወደ ባሕር ዳርቻ ካደረሱት አንዱ የሆነው ጄምስ ቹማ ነበር። መሪነቱ ግን የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ለነበረው ለስኮትላንዳዊው የሥነ ምድር ተማሪ ለጆሴፍ ቶምሰን ተላለፈ፤ ቹማም በነበረበት ቦታ ሆኖ መንገዱን ማሳየቱን ቀጠለ።

ሁለተኛው ምክንያት ከአገልግሎቱ ባሕርይ ይመነጫል። እንደ ቦምቤይ ያለ ሰው ከቦታው ቢነሣ ጉዞው ይቆማልና፣ አሠሪው የሚጠቀመው እዚያው ሲያቆየው ነው። ብቃቱ ለሹመት ማስረጃ ሊሆን ሲገባ በቦታው ለማቆየት ምክንያት ይሆናል። ከዚህም የባሰው ውጤቱ ሲከፋፈል የሚታየው ነው። ስፒክ የቪክቶሪያን ሐይቅ በ1858 አይቶ የዓባይ ምንጭ ነው ባለ ጊዜ ክብሩ የስፒክ ሆነ። በርተን ደግሞ ግኝቱን ሲያጣጥል፣ ስፒክ ቋንቋ ስለማያውቅ የሰማው ወሬ በቦምቤይ በኩል ሲተላለፍ ተዛብቶ ይሆናል ሲል ተከራከረ። የተሳካው ለመሪው ሲመዘገብ የተጠረጠረው በአስተርጓሚው ላይ ወደቀ።

ቦምቤይ ፈጽሞ ተረሳ ማለት ግን አይቻልም። ማኅበሩ በ1876 ጡረታ ቈረጠለት፤ በ1885 እስኪሞትም ጉዞዎቹን አብቅቶ ኖረ። የጉዞዎቹን ታሪክ አሳሾቹ በየመጽሐፋቸው ጽፈው ሲያሳትሙ እርሱ በስሙ የታተመ ማስታወሻ አልተወም። ስለ ሕይወቱ የሚታወቀው አብዛኛው ከጌቶቹ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። የሌሎችን ቃል ሲያሻግር የኖረው ሰው፣ የራሱ ቃል ለትውልድ የደረሰው በሌሎች አንደበት ብቻ ነው።